ክፍሉ ተስማምቷል

ፅጌን ያወቅኋት አዲስ ከተማ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሆቴል ሥራ በምንማርበት ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ አራት ተማሪዎች ነበርን። ሠላሳ ሦስታችን ከሃያ ሦስት ዓመት አንበልጥም። እሷ አርባ ሊሞላት ጥቂት ወራት ይቀሯት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን በርናባስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ አነበበልንና ቀና ብሎ «ገባችሁ?» አለ። «አዎ» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

«እኔ አልገባኝም።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። በርናባስ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እንዲህ የሚል ተማሪ ገጥሞት የሚያውቅ አይመስልም።

«የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። እርስዎ ሲያነቡ እኛ ስንጽፍ፣ የሰማ ሰው የለም።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን አንድ የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን «አዎ» ካልን ቶሎ እንወጣለን።

ፅጌ ከከተማችን ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አሥራ አራት ዓመት አልጋ ስታነጥፍና መታጠቢያ ቤት ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች የምታሠለጥነውም እሷ ነበረች፤ ደመወዟ ግን ያው የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። የሱፐርቫይዘር ቦታ ሲከፈት አመለከተች። «ወረቀት የለሽም» ተባለች። ቦታው የተሰጠው ዲፕሎማ ላላት አንዲት ልጅ ነበር። አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር ለዚያች ልጅ ያሳየቻት ፅጌ ናት። በዚያው ሳምንት መጥታ ተመዘገበች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ትገባለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች፣ አሥር ሰዓት ላይ ክፍላችን ውስጥ ናት። እግሯ አብጦ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር እንደምታወልቅ አጠገቧ የምትቀመጠው ኡሙልኸይር ነግራኛለች።

ስለዚህ ፅጌ ስትመጣም ተናዳ ነው የመጣችው። እኛ ደግሞ አባባስንባት።

መጀመሪያ «ማዘር» አልናት። በሁለተኛው ሳምንት ከወንበሯ ተነስታ «ማዘር የሚሉኝ ሁለት ልጆች ቤት አሉኝ፤ ስሜ ፅጌ ነው። እኩል እየተፈተንን እርስዎም አትበሉኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊቷ አንቺ፣ በሌለችበት ማዘር ሆነች። አቴንዳንስ ሲዞር ከፊቷ የተቀመጠችው ልጅ ለሁለት ጓደኞቿ ስትፈርም አየቻት። «ፈርሚላቸው» አለቻት፣ «ሲቀጠሩም ሄደሽ ሥራቸውን ትሠሪላቸዋለሽ።» ልጅቷ ለአንድ ወር አላነጋገረቻትም።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ከክፍሉ ተጠሪ ከኦሊያድ አፍ የማትጠፋው ቃል ነበረች። ኦሊያድ ክፉ ልጅ አይደለም። ንግግር ይችላል፣ አለባበሱ የጸዳ ነው፣ ቢሮዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ነገር ግን ማንንም ሳይጠይቅ «ክፍሉ ተስማምቷል» ይላል። ፈተናው በአንድ ሳምንት እንዲገፋ ክፍሉ ተስማምቷል። ዓርብ ዓርብ ሁሉም ነጭ ሸሚዝ እንዲለብስ ክፍሉ ተስማምቷል። ፅጌ ዓርብ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ግራጫ የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች።

«ፅጌ፣ ዛሬ ነጭ ነው እኮ፤ ክፍሉ ተስማምቷል» አላት ኦሊያድ።

«እኔ ክፍሉ ውስጥ አይደለሁም እንዴ?»

«አይ፣ ማለቴ ሁሉም...»

«ሁሉም ማለት ማን ነው? ስማቸውን ንገረኝ፤ አንድ በአንድ ሄጄ ልጠይቃቸው።»

ኦሊያድ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። እኛ ነጭ በነጭ ሆነን እንደ ሠርግ አጃቢ ተቀምጠን፣ ነገር ትወዳለች ብለን አማናት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ ዓመቱ አጋማሽ ደረስን፤ የጽዳት ኬሚካሎች ትምህርት ተጀመረ። የምንማረው ሃንድአውት ከምንለው የተባዛ የትምህርት ጽሑፍ ነው። ሃንድአውቱ ከኮሌጁ ደረጃ ሥር ፎቶኮፒ ቤት ያለው ኩማ ዘንድ ይቀመጣል፤ እሱ እያባዛ ይሸጥልናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቅጂ ቅጂ ነው። ማን እንደጻፈው፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ማሽን ውስጥ ጠምሞ ስለገባ፣ ከአሥራ ስምንተኛው ገጽ ጀምሮ የግራ ጠርዙ ተቆርጧል፤ የየመስመሩ መነሻ የለም። የጎደለውን ቃል እየገመትን እናነባለን፤ መገመት የማያስፈልገውን ደግሞ እንዳለ እንሸመድዳለን።

ፈተናው እውነት ወይም ሐሰት ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ ለከባድ እድፍ በረኪናና አሲድ ቀላቅሎ መጠቀም ይገባል የሚል ነበር። ሃንድአውቱ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ልክ እንደዚያ ይላል። «እውነት» ብዬ ጻፍኩ። ሁላችንም እንደዚያው ጻፍን።

ወረቀቱ ተርሞ በተመለሰልን ቀን ፅጌ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ኤክስ አድርገውብኛል።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ሐሰት።»

በርናባስ ሃንድአውቱን ገለጠ። «ገጽ አሥራ ዘጠኝ። ሦስተኛው መስመር። አንብቢው።»

«አንብቤዋለሁ። ተሳስቷል።»

«ሃንድአውቱ ነው የተሳሳተው?»

«ሃንድአውቱ ነው። የመስመሩ መጀመሪያ ተቆርጧል እኮ፤ ይዩት። አትቀላቅሉ ነበር የሚለው፤ መከልከያው ቃል ተቆርጦ ቀላቅሉ ብቻ ቀረ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙዎች ሳቁ። ፅጌ ብድግ አለች፤ ጫማዋን አውልቃ ስለነበር በባዶ እግሯ ቆመች።

«የዛሬ አሥር ዓመት» አለች፣ «ሙሉጌጥ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ክፍል ለሁለት ነበር የምንሠራው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ቢጫ ይዞ አልለቅ አላት። አሲድ አፈሰሰችበት። አሁንም አልለቅ ሲላት በረኪና ጨመረችበት። ሽታው እንግዶቹን እንዳይረብሽ በሩን ዘግታለች። እኔ አልጋ አነጥፋለሁ። ስታስል እሰማታለሁ። በኋላ ሳሏ ጸጥ አለ። ያስደነገጠኝ ጸጥ ማለቱ ነው። በሩን ስከፍተው ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ ዓይኔን እያቃጠለኝ በእግሯ ጎትቼ አወጣኋት። አልሞተችም። ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሁለት ደረጃ ወጥታ ሦስተኛው ላይ ትቀመጣለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ ሠርታ አታውቅም።»

ይህን ስትል ለአንድ አፍታ አንድ ነገር የሚለወጥ መስሎኝ ነበር። በርናባስ ሃንድአውቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የተቆረጠውን ጠርዝ አየ። ማየቱን አይቻለሁ። ፊቱ ተለወጠ።

ኦሊያድ ከፊት ወንበር ተነሳ። «ቲቸር፣ ክፍሉ በጥያቄው ላይ ቅሬታ የለውም። መልሱ ከተቀየረ የሁሉም ነጥብ ነው የሚነካው። በሃንድአውቱ መሠረት ነው የተማርነው።»

«እኔ ስለ ነጥብ ነው እንዴ የማወራው?» አለች ፅጌ።

«ፅጌ፣ አንዳንዴ እኮ ዝምታ ወርቅ ነው።»

«ወርቁን ለሙሉጌጥ ውሰድላት።»

በርናባስ ሃንድአውቱን አጠፈና «በኋላ እናየዋለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈ።

በኋላ ያየው ለብቻዋ ጠርቶ ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ክፍል ውስጥ አንቺ የሚላት ሰው መምህራን ክፍል ሲገቡ እርስዎ አላት።

«እትዬ ፅጌ፣ ልክ ነዎት። ነጥቡን ጨምሬልዎታለሁ። ነገሩን እዚህ ላይ እንተወው።»

«ነጥቡን መልሰው ይቀንሱት። ነገ ክፍል ገብተው ስህተት ነው ይበሉ፤ ያ ይበቃኛል።»

«እንደሱ ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ይህን ሃንድአውት አምናም ካቻምናም አስተምሬበታለሁ።»

«እነዚያ ልጆች አሁን የት ነው የሚሠሩት?»

በርናባስ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ሃንድአውቱን ያጸደቀው ትምህርት ክፍሉ መሆኑን፣ እሱ ገና ኮንትራት ላይ ያለ ሰው መሆኑን ነገራት። እሷም ኮንትራትህ ይራዘምልህ ብላው ወጣች። አንተ ያለችው ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ወደ ኮሌጁ ዲን ሄደች። ዲኑ ጥሩ አድርጎ አስተናገዳት፤ ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት፣ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። «ሌሎቹ ተማሪዎችስ ይህን ቅሬታ ይጋራሉ?»

ሌሎቹ ተማሪዎች እኛ ነን።

ነገሩ ዲኑ ዘንድ መድረሱን ኦሊያድ ሲሰማ የፈተናው ውጤት ሊሰረዝ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሐሙስ ዕለት፣ ፅጌ ከሥራ ዘግይታ ገና ሳትመጣ፣ አንድ ወረቀት ከፊት ወንበር ተነስቶ መዞር ጀመረ። «ተማሪ ፅጌ የመማር ማስተማሩን ሂደት ስለምታውክ ክፍሉ ቅሬታውን ያቀርባል» ይላል። ከሥር የስምና የፊርማ መስመር አለ። እኔ ጋ ሲደርስ አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። ከእኔ በላይ ያለውን ፊርማ አየሁ፤ የቅርብ ጓደኛዬ ነው። ከበታች ያለውን ባዶ መስመር አየሁ። ፅጌ ልክ መሆኗን አውቅ ነበር። አባቴ መሃል ከተማ ሱቅ አለው፤ በረኪናም አሲድም እንሸጣለን፤ የአሲዱ ጠርሙስ ላይ ምን እንደተጻፈ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። እስክሪብቶ ተቀበልኩና ፈረምኩ። ከሦስት ሴኮንድ አልፈጀም።

ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ ፊርማ ሆነ። ኡሙልኸይር ጋ ሲደርስ «ሳላነብ አልፈርምም» አለች። ሁሉም እየጠበቃት ቀስ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ አጥፋ ለኦሊያድ መለሰችለት።

«ምነው?» አላት።

«አንብቤዋለሁ» አለች።

አሁን ሳስበው የሚያንጨረጭረኝ ያ ነው። ማንም አላስገደደንም። በትር የያዘ ሰው በር ላይ አልቆመም። ኡሙልኸይር አልፈረመችም፤ ምንም አልሆነችም። እኛ ምን እንሆናለን ብለን ፈራን? የፈራነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱ እኛ ጋ ሲደርስ እንዳይቆም።

ፅጌ ከዲኑ ቢሮ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት። «ክፍሉ በአብላጫ ፊርማ» የሚል ቃል ነበረበት። ደብዳቤውን ይዛ ክፍል ገባች፣ በርናባስ ገና አልመጣም። ትጮኻለች ብለን ጠበቅን። የፈረምነው ሁሉ እስክሪብቶ እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ ጎንበስ አልን። እሷ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ወደ ፊት ሄደች፣ ማርከር አነሳች፣ ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፈች።

በረኪናና አሲድ አትቀላቅሉ። ሰው ይገድላል።

ሄዳ ተቀመጠች። በርናባስ ገባ። አነበበው። ጀርባውን ሰጥቶን ዳስተር አንስቶ አጠፋው። የዕለቱን ርዕስ ጻፈ።

በማግስቱ እንደገና ጻፈችው። አጠፋው። ሰኞ ጻፈችው። አጠፋው። ማርከር ሲደብቁባት የራሷን ገዝታ መጣች። ኦሊያድ አንድ ቀን ቀድሞ ተነስቶ ሊያጠፋው ሲል «አንተ ተቀመጥ» አለችው፤ «ማጥፋት የአስተማሪው ሥራ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ኦሊያድ ተቀመጠ። በርናባስ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷታል፤ ጆሮው ቀልቶ ገባና አጠፋው።

አንድ ወር ከአንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሥራ ውላ ደክሟት መጥታ፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ መጀመሪያ የምታደርገው ያንን መጻፍ ነው። አንዳንዶቹ ቪዲዮ ቀርጸው ተሳለቁባት። ሌሎቻችን ሳናየው የምናልፍ መሰልን። ግን አሥር ሰዓት ሲሆን ዓይናችን ሰሌዳው ላይ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በርናባስ ዳስተሩን አንስቶ ቆየ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ከጽሑፉ በታች ባለው ቦታ ጠበብ አድርጎ ርዕሱን ጻፈ። ግን ልክ ነው አላለም፣ ይቅርታም አላለም። ከዚያን ቀን በኋላም አላጠፋውም።

ያሸነፈች መስሎኝ ደስ ሊለኝ ነበር። እሷ ግን ደስ አላላትም። «ማጥፋት ማቆም ማስተማር ነው እንዴ?» አለች ለኡሙልኸይር። የመጨረሻው ፈተና ሲመጣ ስለ በረኪናና አሲድ አንድም ጥያቄ አልነበረም። እውነትም አላሉት፣ ሐሰትም አላሉት፤ ከመካከል አወጡት፣ በቃ።

ከፈተናው በኋላ በነበረው ሳምንት ማስረጃ ላስገለብጥ ኩማ ዘንድ ሄድኩ። አዲስ ተመዝጋቢዎች እስከ ኮሌጁ በር ተሰልፈው ሃንድአውት ይገዛሉ። ማሽኑ ያንኑ ሃንድአውት፣ ያንኑ ጠማማ ጠርዝ እየተፋ ነው። ፅጌ ከተሰላፊዎቹ ጎን አልፋ መጣች።

«ኩማ፣ ዋናውን ስጠኝ።»

«የትኛውን ዋና?»

«ከእሱ ላይ የምታባዛውን። ገጽ አሥራ ዘጠኝን።»

«እትዬ፣ እሱ የቲቸሮቹ ነው። አይነካም።»

«አልወስደውም። እዚሁ ፊትህ አንድ ቃል እጽፍበታለሁ።»

ኩማ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ ያሉት ተሰላፊዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ፅጌ ወደ እነሱ ዞረች። ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ገና ክፍል ያልገቡ።

«ይህን ወረቀት አምኖ የሠራ ሰው ሳንባው ይቃጠላል» አለቻቸው። «አንድ ቃል ጎድሎበታል። ልጽፍላችሁ ነው።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሌላው ምን እንደሚል የሚጠብቅ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ከውጭ ሆኜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አስጠላኝ። ዋናው ቅጂ ከማሽኑ አጠገብ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ኩማን ሳላስፈቅድ ገጹን ስቤ አወጣሁና ባንኮኒው ላይ አኖርኩላት። ኩማ «አንተ ልጅ» አለ፤ ግን አልነጠቀኝም።

ፅጌ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት እጄ ያዝኩት። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ በትልልቁ፣ በአማርኛ «አትቀላቅሉ» ብላ ጻፈች፤ ደገመችበት፣ አደመቀችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሳዳም፣ አንተም ፈርመሃል አይደል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ለምን?»

ብዙ መልስ አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ሁሉም ፈርሞ ነበር» የሚል ነው።

«ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ፅጌን አልወዳትም፣ አፏ መራራ ነው ብለህ ብትፈርም ሰው ነህ እልህ ነበር። ስለምትጠላኝ ፈርመህ ቢሆን ትገባኝ ነበር። ሁሉም ፈርሞ ነበር ማለት ግን ምን ማለት ነው? አንተ የት ነበርክ?»

«ይቅርታ» አልኳት።

«ይቅርታህን ያዘው። ወረቀቱን ለኩማ መልስለት።»

መለስኩለት። ኩማ ገጹን ትንሽ አየት አየት አደረገና ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ፅጌ የመጀመሪያው ቅጂ እስኪወጣ ቆመች፤ ጽሑፏ መነበቡን አረጋግጣ፣ ለማንም ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።

ዲፕሎማዋን ከእኛ ጋር ወሰደች። ለምረቃው ፎቶ ክፍሉ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ተስማምቶ ነበር፤ እሷ ለፎቶው አልመጣችም። ወረቀቱን ስታቀርብ ሆቴሏ «ቦታው ተይዟል» አላት። በዚያው ቀን ቁልፍ አስረክባ ወጣች። ባሏ ግዛቸው ባጃጁን አቁሞ በር ላይ ይጠብቃት ነበር፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ግን መንገዱን ሁሉ ስትናገር እንደሄደች በዚያ ሳልፍ ከሩቅ አይቻለሁ። አሁን መሃል ከተማ ካለ አነስ ያለ ሆቴል የክፍሎች ኃላፊ ናት።

እኔ ዛሬ የምሠራው ሌላ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የጽዳት ሠራተኞች የምሳ ሰዓት በግማሽ እንዲቀነስ ሐሳብ አቀረበና «ሁላችንም ተስማምተናል አይደል?» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን እጄን አወጣሁ፤ «እኔ አልተስማማሁም» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ስሜን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። የምሳ ሰዓቱም ተቀነሰ። ከስብሰባው ስንወጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ምን አስለፈለፈህ?» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ንዴት ተሰማኝ፤ እስከ ቤቴ ድረስም አልበረደልኝም።